የሮም ማራቶን በ10 ሳምንት ዝግጅት ይሮጣል?

ከገና ማግስት የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሰላም አሰልጣኝ። 38 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ታላቁ ሩጫን አምስት ጊዜ ሮጫለሁ፤ ምርጥ ሰዓቴ 58 ደቂቃ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በድምሩ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ሮም የምትኖረው እህቴ የመጋቢቱን የሮም ማራቶን እንድሮጥ ትጎተጉተኛለች። 10 ሳምንት ቀርቶታል። ቅዳሜ ጠዋት ደርሼ፣ ከእሷ ጋር ቫቲካንን አይቼ፣ እሁድ ልሮጥ አስቤያለሁ። ጓደኞቼ ‹ከአዲስ አበባ ከፍታ ወርደሽ እዚያ ትበሪያለሽ› ይሉኛል። መንገዱ ኮብልስቶን ነው ስለተባልኩ ሶሉ ወፍራም የሆነ የካርቦን ጫማ ልገዛ ነው። የመጨረሻዋን ኪሎ ሜትር ደግሞ፣ አበበ ቢቂላ በሮጠበት መንገድ ላይ፣ ለእሱ ክብር በባዶ እግሬ መጨረስ እፈልጋለሁ። ሁዳዴንም እጾማለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ዘንድሮ ሙሉውን 42 ኪሎ ሜትር አትሩጪ። ለሚመጣው ዓመት ያዥው። ያነሳሻቸው ነገሮች ለየብቻ ቢሆኑ ሁሉም መላ አላቸው። አንቺ ጋ ግን በአንድ መጋቢት ተደራርበው መጡ። ከሰማሻቸው ወሬዎች ደግሞ ሦስቱ ትክክል አይደሉም፦ የከፍታው፣ የጫማውና የአበበ መንገድ።

ከሰዓትሽ ልጀምር። የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓት ይዞ ማራቶንን መገመት የተለመደ ነው። በስሌቱ 58 ደቂቃ ወደ 4 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይወስድሻል። ታላቁ ሩጫ ከፍታ ላይ፣ በሕዝብ መሀል እየተጋፉ የሚሮጥ ስለሆነ አቅምሽ ከዚህም ይሻል ይሆናል። ግን ስሌቱ የሚሠራው ለረጅም ርቀት ለተዘጋጀ ሰው ነው። በሳምንት 25 ኪሎ ሜትር ለማራቶን መዘጋጀት አይባልም። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይሻሻላሉ። ጅማትና አጥንት ግን ቀርፋፋ ናቸው፤ ወራት ይፈልጋሉ። ከ10 ሳምንቱ ላይ የመጨረሻዎቹን 2 ሳምንት ተኩል ለማረፊያ ቀንሺ። 7 ሳምንት ተኩል ይቀርሻል። በዚያ ውስጥ ረጅሙን ሩጫሽን ከ10 ወይም ከ12 ኪሎ ሜትር ወደ 30 ልታደርሺው ነው። ይህን የሞከሩ ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ። የሚመጡት አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ ቅልጥማቸውን አሟቸው እያነከሱ ነው።

«መጨረስ እችላለሁ ወይ?» ካልሽኝ፣ ምናልባት አዎ። ውድድሩ ከ6 ሰዓት በላይ ጊዜ ይሰጣል። ግማሹን ሮጠሽ ግማሹን ተራምደሽ ትደርሺያለሽ። አንቺ ግን ሮምን የመረጥሽው ለውበቷ ነው። ውበቷ መንገዱ ላይ የት እንዳለ ስታውቂ ለምን ቆይ እንዳልኩሽ ይገባሻል።

መነሻው ኮሎሲየም አጠገብ ነው፤ በጥንቱ የሮም አደባባዮች ፍርስራሽ መሀል በሚያልፈው ሰፊ መንገድ ላይ። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ የቅዱስ ጳውሎስን ባዚሊካ አልፎ፣ ወደ ወንዙ ይመጣል። ቲበር የምንለው፣ እነሱ ቴቬሬ የሚሉት ወንዝ ነው። ከውድድሩ ብዙው ክፍል ይህን ወንዝ ይከተላል። ሜዳ ነው። ሜዳ የሆነበትም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1870 መጨረሻ ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ዳር ትልልቅ የድንጋይ ግንብ ተሠራ። በግንቡ አናት ላይ ደግሞ ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ መንገድ ወጣ። ሯጩ የሚሄደው በዚያ ላይ ነው። ዳር ዳሩን ረጃጅም ዛፎች፣ ከታች ወንዙ፣ ፊት ለፊት የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነው የሚሮጠው።

የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ የሚመጣው ገና እኩሌታው ሳይሞላ ነው። ቀጥሎ መንገዱ ወደ ሰሜን ይርቃል። ያ ክፍል ጭር ያለ ነው። ተመልካቹ ይሳሳል፤ ብዙ ሰው ልቡ የሚወድቀውም እዚያ ነው። ከ35ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ወደ አሮጌው ከተማ ይገባል። ፒያሳ ናቮና፣ ፒያሳ ዴል ፖፖሎ፣ ፒያሳ ዲ ስፓኛ ይመጣሉ። የእኛ ፒያሳ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቃል ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ጠባቡ መንገድ በሰው ተሞልቶ፣ በረንዳ ላይ ሆነው የሚጮሁ አሮጊቶች አሉ። እዚህ ጋ ቀና ብለሽ ማየት አለብሽ። ያልተዘጋጀ ሯጭ ግን እዚህ ሲደርስ የሚያየው የጫማውን ጫፍ ብቻ ነው።

ሮም ውበቷን ያስቀመጠችው መጨረሻ ላይ ነው፤ እግር በሚያልቅበት ሰዓት፣ እሱም በድንጋይ ላይ። ስለዚህ ለሮም የሚደረግ ዝግጅት ለመጨረሻዎቹ 7 ኪሎ ሜትሮች የሚደረግ ዝግጅት ነው። አሠልጥኜ ለምልከው ሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

ድንጋዩ ሳምፔትሪኒ ይባላል፤ ስሙ ከቅዱስ ጴጥሮስ የመጣ ነው። ከሮም አጠገብ ካሉ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከአዲስ አበባ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ጋር ሲተያይ ላዩ የለሰለሰ ነው፤ ብዙ ዘመን ተረግጧል። ክፍተቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ድንጋይ ሰምጦ አንዱ ወጥቶ ታገኚዋለሽ። ዝናብ ከነካው ደግሞ ያንሸራትታል። መንገዱ በሙሉ እንዲህ አይደለም፤ አብዛኛው አስፋልት ነው። ድንጋዩ የሚበዛው መሀል ከተማ ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ቀምሰሽው፣ መጨረሻ ላይ ይጠብቅሻል።

ድንጋይ ላይ እግር በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ወደ ጎን ይዘነበላል። ያንን የሚያቃናው ከቁርጭምጭሚት በላይ በውጭ በኩል ያለው ጡንቻና ባት ነው። አስፋልት ላይ ብቻ የሚሮጥ ሰው እነዚህን አያሠራቸውም። 38ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ድንገት ሥራ ሲሰጣቸው ይኮማተራሉ። ወፍራም ሶል ይህን አይፈታም። እንዲያውም ያባብሰዋል። ካርቦን የገባበት የውድድር ጫማ ስፖንጁ ከፍ ያለና ለስላሳ ነው፤ ብዙዎቹ ተረከዛቸው ጠባብ ነው። አስፋልት ላይ በፍጥነት ለሚሮጥ ሰው የተሠራ ነው። በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ለሚሮጥ ሰው ጥቅሙ ትንሽ ነው። ድንጋይ ላይ ከፍታው ራሱ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል። ገንዘብሽን አታውጪ። የሚያስፈልግሽ ሰፋ ያለ መሠረት ያለው፣ ስፖንጁ መጠነኛ የሆነ፣ በየቀኑ የምትለማመጂበት ዓይነት ጫማ ነው። ውድድሩ ሲደርስ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር የተሮጠበት ይሁን። ስትገዢ ማታ ላይ ለኪው። እግር ሲውል ያብጣል፤ ማራቶን ላይም እንደዚያው ነው።

መለማመጃው ደግሞ ደጅሽ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ሰፈሮች ኮብልስቶን ከሮሙ ይከፋል፤ ለልምምድ ግን ጥሩ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ የሩጫሽ መጨረሻ ላይ፣ እግርሽ ሲደክም 10 ደቂቃ ኮብልስቶን ላይ ሩጪ። ቀስ በቀስ ወደ 30 ደቂቃ አድርሺው። እርምጃሽን አሳጥሪው። ዓይንሽ ከፊትሽ ሦስት አራት ሜትር ይመልከት። መጀመሪያ ላይ አትጀምሪው፤ ትኩስ እግር ምንም አይማርበትም።

ወደ አበበ ልምጣ። አበበ ቢቂላ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ውድድሩ አመሻሽ ላይ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተነሥቶ ከከተማ ወጣ። በጥንቱ በአፒያ መንገድ ተመልሶ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር አለቀ። ጨልሞ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው ነበር የሚያበሩት። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። የዛሬው የሮም ማራቶን ይህን መንገድ አይከተልም። አንዳንድ ቦታ ይቀራረባሉ እንጂ «በአበበ መንገድ ላይ» መባሉ ስህተት ነው።

በባዶ እግሩ የሮጠውም ጫማ ስላጣ አይደለም። አበበ ያለ ጫማ መሮጥ የለመደ ሰው ነበር። የቀረቡለት ጫማዎች ለእግሩ አልተመቹትም። ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ተማክረው የለመደውን መረጡ። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደገና አሸነፈ። አበበ ሁለቱንም ጊዜ ያደረገው አንድ ነገር ነው፦ በልምምድ ያላደረገውን በውድድር ቀን አላደረገም። አንቺ በባዶ እግርሽ ስንት ኪሎ ሜትር ተለማምደሻል?

በ2002 ዓ.ም. ሲራጅ ገና የሮም ማራቶንን ሲያሸንፍ መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ መግባቱን ታስታውሺ ይሆናል። የአበበ ድል 50ኛ ዓመት ነበር። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ግን ሲራጅ ያወለቀው መስመሩ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረው ነው፤ ተከታዮቹንም ጥሏቸው ነበር። ሙሉ ኪሎ ሜትር አልሮጠም። ከ4 ሰዓት ተኩል ሩጫ በኋላ ያንቺ እግር አብጧል፤ ውሃ ቋጥሯል፤ ቆዳው ረጥቦ ልሟል። መሬት ላይ የተጣለ ኩባያና የጄል (ሯጮች ለጉልበት የሚውጡት ዝልግልግ ስኳር) ማሸጊያ አለ። ጎንበስ ብለሽ ክር ስትፈቺ ባትሽ ሊኮማተር ይችላል። አታድርጊው።

ክብር መስጠት ከፈለግሽ የተሻለ ቦታ አለ። በቅርብ ዓመታት መጨረሻው ቺርኮ ማሲሞ በሚባለው የጥንት የሠረገላ መወዳደሪያ ሜዳ ነው። ከሜዳው ጥግ ላይ ፖርታ ካፔና አደባባይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት እስኪነቀል ድረስ የቆመው እዚያ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። አበበ በዚያች ማታ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ ሮጦ፣ ጥሎት የሄደው በዚያ ሐውልት አጠገብ ነው። ውድድርሽን ጨርሰሽ፣ ሜዳሊያሽን አንገትሽ ላይ አድርገሽ፣ ከእህትሽ ጋር ቀስ ብለሽ ወደዚያ ሂጂ። ጫማሽን እዚያ አውልቂ።

ከፍታውን በተመለከተ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት ነው የነገሩሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የምናገኘው ኦክስጅን እዚያ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሮም ስትወርጂ ትንፋሽሽ ይቀላል። አደጋው ያ ነው። ትንፋሽ ሲቀል ሰው ሳያስበው ይፈጥናል። እግርሽ ግን ለዚያ ፍጥነት አልተለማመደም። ሳንባሽ «ሂጂ» ሲልሽ ጭንሽ በየእርምጃው ይመታል፤ የተጠራቀመው ስኳርም ቶሎ ያልቃል። ሒሳቡ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይመጣል። ታላላቆቹ አትሌቶቻችን የሚጠቀሙት ከፍታውን ብቻ አይደለም። ኮሮኮንችም ጫካም ይሮጣሉ፤ ፍጥነቱን ደግሞ አስፋልት ላይ ለብቻው ይሠሩታል። አንቺም በዝግጅትሽ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ወደ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ወርደሽ የማራቶን ፍጥነትሽን ተለማመጂ። እንጦጦ ላይ ብቻ መሮጥ እግርን ለሜዳ አያዘጋጅም።

ለሚመጣው ዓመት የማስብልሽ ሰዓት 4 ሰዓት ከ45 ነው። በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች በ6 ደቂቃ ከ55 ሂጂ። ሰው ሁሉ ጥሎሽ ሲሄድ ተይው። እስከ 35ኛው በልክሽ ቆዪ። የተረፈሽን ለድንጋዩ አውጪው። አሮጌው ከተማ ውስጥ ሰዓትሽን አትመኚ። ጠባብ መንገድና ረጅም ሕንፃ ጂፒኤሱን ያሳስተዋል፤ የመንገዱን የኪሎ ሜትር ምልክት እይ።

ጾሙ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። የሮም ማራቶን በመጋቢት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲውል ሁዳዴ ውስጥ ወይም ጥጉ ላይ ነው። ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ እየዋለ ስለሆነ ሙስሊም ሯጮችም ተመሳሳይ ጥያቄ አላቸው። የጾም ምግብ ራሱ ለማራቶን ችግር አይደለም። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ በሶ ሁሉም ጉልበት ናቸው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ለውዝ ጡንቻ ይጠግናሉ። ከወትሮው ግን መጠኑን ማብዛት አለብሽ።

በጥንቃቄ መታየት ያለበት ብረት (አይረን) ነው። የወር አበባ የምታይና ብዙ የምትሮጥ ሴት ብረቷ ቶሎ ያልቃል። ጤፍና ምስር ውስጥ ብረት አለ፤ ሰውነት ግን ከእህል የሚያገኘውን ብረት ከሥጋው ያህል አይወስድም። ምሳ በልተን ወዲያው የምንጠጣው ቡና ደግሞ ይቀንሰዋል። ቡናሽን ከምግብ አንድ ሰዓት አርቂው። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ ከምግቡ ጋር ጨምሪ፤ እነሱ ይረዱታል። ዝግጅት ከመጀመርሽ በፊት የደም ምርመራ አድርጊ፤ ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን ሰውነትሽ ያጠራቀመውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲንም እንዲታይልሽ ጠይቂ። የብረት እንክብል በራስሽ ገዝተሽ አትዋጪ። ሲበዛ ይጎዳል።

ሌላው ከባዱ ነገር ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ሳይጠጡ ቆይቶ ረጅም ሩጫ መሮጥ ሰውነትን ያደክማል እንጂ አያጠነክርም። ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚበልጥ ሩጫ በደረቅ ሆድና ያለ ውሃ አትሩጪ። የሥራ ቀን ሩጫዎችሽን ወደ ማታ አዙሪያቸው፤ ከበላሽ ሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ። ረጅሙን ለቅዳሜና ለእሁድ አድርጊው፤ በእነዚህ ቀናት እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም። ስለ ቅዳሴው ሰዓትና ስለ ውድድሩ ጠዋት የነፍስ አባትሽን አማክሪ። እኔ የምነግርሽ ሰውነት የሚፈልገውን ብቻ ነው። ሁለቱን የምታስታርቂው ከእሳቸው ጋር ነው። አሁኑኑ አንሺው እንጂ ለውድድሩ ሳምንት አታቆዪው።

በሩጫው ላይ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳር ያስፈልግሻል። ጄል ካገኘሽ አንዱ ከ20 እስከ 25 ግራም አለው። ካላገኘሽ ተምር ጥሩ ነው፤ ትልቁ አንዱ 15 ግራም ገደማ ይሰጣል፤ የጾምም ነው። የመረጥሽውን በረጅም ሩጫዎችሽ ላይ ሞክሪው። ውሃ ሲጠማሽ ጠጪ፤ ያለ ልክ ግን አትጠጪ። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው በየጣቢያው ውሃ ብቻ እየጠጣ የደሙ ጨው ወርዶ የሚታመምበት ጊዜ አለ። በልምምድ ቀናት ሮም ውስጥ ውሃ አታጪም፤ ናሶኒ የሚሏቸው የብረት ቦኖዎች በየመንገዱ ይፈስሳሉ፤ ይጠጣል። አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ከሩጫ በፊትም ሆነ በመሀል ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች አትውሰጂ። ላብና ድካም ላይ ሲጨመር ኩላሊት ይጎዳል። ስትሮጪ ደረትሽን ከያዘሽ ወይም ካዞረሽ ደግሞ ልምምዱን አቁመሽ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂጂ።

የቅዳሜው ዕቅድሽ መለወጥ አለበት። የአዲስ አበባው በረራ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሌሊት ከሆነ እንቅልፍ የለም። የደረት ቁጥር ደግሞ ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት በአካል ቀርበሽ ነው የምትወስጂው። በረራው ከዘገየ ውድድሩ ቀረ ማለት ነው። የቫቲካን ሙዚየም እብነ በረድ ላይ ለሰዓታት መቆም ነው። አንዲት የማሠለጥናት ሴት ቅዳሜን ሙሉ ከተማ ስትዞር ውላ እሁድ 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባቷ ታሰረ። ሐሙስ ድረሺ። ዓርብ ቁጥርሽን ውሰጂና 20 ደቂቃ ወንዙ ዳር ሩጪ። ቅዳሜ ቤት ዋዪ። ቫቲካንን ለሰኞ አድርጊው፤ ሙዚየሙ ሰኞ ክፍት ነው። ከባዚሊካው ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበር። ከእነሱ አንዱ የሆኑት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. አዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት ሮም ውስጥ ነው። እሁድ ሮጠሽ ያለፍሽው በዚያው ባዚሊካ ፊት ለፊት ነው።

የሰዓት ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ አያስቸግርም። ውድድሩ በሮም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ሲጀመር አዲስ አበባ 4 ሰዓት ነው።

ወረቀቱን አታቅልዪው። የሼንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ቢያንስ 15 ቀን መቅደም አለበት። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ይጠየቃል። ቀጠሮ የማግኘቱን ነገር ታውቂዋለሽ። ለውድድሩ መመዝገብ ቪዛ ያሰጣል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚመለስበትን ሁኔታ አንብቢ። ጣሊያን ተወዳዳሪዎቿን በሕግ የሐኪም ማረጋገጫ የምትጠይቅ አገር ናት። ከውጭ ከሚመጣ ሯጭ የሚጠየቀው ነገር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የምትሮጪበትን ዓመት ደንብ እይ፤ ያለፈው ዓመት ሯጭ የነገረሽን አትያዥ። ባይጠየቅም እንኳ የልብ ምርመራ አድርጊ።

ዘንድሮ ቪዛው ከደረሰልሽ ሂጂ። ከማራቶኑ ጋር የዱላ ቅብብል አለ፤ አራት ሰው ተከፋፍሎ ይሮጠዋል። 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የሕዝብ ሩጫም አለ። ቅብብሉ ላሁኑ አቅምሽ ልክ ነው። እህትሽም ሁለት ሰው ይዛ ከገባች ቡድኑ ሞላ። ወንዙን ታያለሽ፤ ድንጋዩን ትረግጫለሽ፤ የመጨረሻዎቹን 7 ኪሎ ሜትሮች ለብቻ በእግርሽ ተራምደሽ ታጠኛለሽ።

ከፋሲካ በኋላ ቀስ ብለሽ ጨምሪ። ነሐሴ ላይ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ድረሺ፤ በአራት ቀን ተከፋፍሎ። ክረምቱ ሲያጨቀይ አስፋልት ላይ ሁኚ። በሳምንት ሁለቴ ባትና ቁርጭምጭሚት አጠንክሪ፤ ደረጃ ጫፍ ላይ በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት ይበቃል። ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫን በሙሉ አቅምሽ ሩጪና መለኪያ አድርጊው። ከዚያ እስከ ሮም 16 ወይም 17 ሳምንት ይኖርሻል፤ ልክ የሚበቃው። በመሀሉ አንድ ግማሽ ማራቶን ሩጪ፤ የሐዋሳው ከተገጣጠመልሽ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ እሱን እመርጥልሻለሁ። አራት ጊዜ ከ28 ኪሎ ሜትር በላይ ሩጪ፤ ረጅሙ 32 ይሁን፤ እሱም ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት። ቪዛውን መስከረም መጨረሻ ላይ ጀምሪ።

የካርቦን ጫማውን ትዕዛዝ ዛሬ ሰርዢው። በዚያ ገንዘብ የደም ምርመራውን አድርጊ፤ ውጤቱን ይዘሽ ጻፊልኝና የመጀመሪያዎቹን 8 ሳምንታት አብረን እናወጣቸዋለን።